የ12ኛ ክፍል ተማሪ ላለበት ቤት

ከመካከላችን በቤቱ ፈተና የሚጠብቅ ታናሽ የሌለው ጥቂት ነው። ለእነዚህ ልጆች የምንልከው ርዳታ ግን «በርቱ፥ አጥኑ» ከማለት ብዙም አያልፍም። ወላጆችም የሚጨምሩት ማስፈራሪያ ነው። በ2014 ዓ.ም. ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተነገረ ወዲህማ ማስፈራሪያው ቁጥር አገኘ። በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደርሷል፤ ይህም ቢሆን የሚመሰክረው ስለ ትምህርት ቤቶቻችን እንጂ ስለ አንድ ልጅ ስንፍና አይደለም።

ልጁ ያጣው ምክር ሳይሆን ጊዜ ነው። ይልቁንም ሴቷ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውሃ ትቀዳለች፥ እንጀራ ትጋግራለች፥ ቡና ታፈላለች፤ ደብተሯን የምትገልጠው ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው። ወንድሟም ያፈላችውን ቡና እየጠጣ «ለምን አታጠኚም?» ይላታል።

እንግዲህ ለዕረፍት ወደ አገር ቤት የምንሄድ ወንዶች ጀሪካኑን እንቀበላት። ጎረቤት ይስቅ ይሆናል፤ ይሣቅ። ማታም የከበዳትን ሒሳብ አብረን እንሥራ፤ መልሱን ነግሮ መነሣት ሳይሆን የሳተችበትን መሥመር አብሮ መፈለግ።

ፈተናው ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. አንሥቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከገባ ወዲህ ብዙ ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤተ ሰብ ተለይተው ያደሩት በተማሪ መኝታ ቤት ነው። ማኅበራችን ምግብ ቤቱንና ክሊኒኩን፥ ውሃ የሚመጣበትንም ሰዓት የሚያመለክት አንድ ገጽ አባዝቶ በየአልጋው ቢያኖርላቸው ወጪው ጥቂት ወረቀትና ቀለም ነው። ረቂቁን የሚያርሙልን መምህራን አይጠፉም።