የኤሌክትሪክ መኪና ከመግዛት በፊት

በአዲስ አበባ መርካቶ የሚገኘው ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ መገበያያ ነው። ገዥዎች የመኪናን አስተማማኝነት ለረጅም ዘመን የመዘኑት በዚሁ ገበያ ነው፤ ዕቃው በቀላሉ የሚገኝለትና መካኒኩ ሁሉ የሚያውቀው መኪና ተመራጭ ነበር። ቶዮታም ስሙን ያጸናው በዚህ መንገድ ነው።

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ግን ገዥው ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አዙሯል። የኤሌክትሪክ ሞተር ተንቀሳቃሽ ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፤ ዘይት አይቀየርለትም፤ ሲነሣም ፈጣን ነው። ስጋቱ ያለው ባትሪው ላይ ነው። ዋጋው ውድ ነው፤ አቅሙም ከዘመን ጋር ይቀንሳል። ብዙ አምራቾች ለባትሪው 8 ዓመት ወይም 160 ሺህ ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጣሉ፤ ሆኖም መኪናውን ያስመጣው ነጋዴ የአምራቹ ወኪል ካልሆነ ዋስትናው እዚህ ላይሠራ ይችላል።

ስለዚህ ገዥው ከመዋዋሉ በፊት የባትሪውን ቀሪ አቅም በመመርመሪያ መሣሪያ ማስለካት፣ ዋስትናውን በጽሑፍ መቀበል፣ የፊት መብራቱንና የፍሬኑን ዕቃ ዋጋ ሶማሌ ተራ ወርዶ መጠየቅ ይኖርበታል። ከከተማ ርቆ ለሚኖር አርሶ አደር ደግሞ ቀዳሚው ጥያቄ ኃይል መሙያው የት እንዳለ ነው። መለዋወጫ ያልተገኘለት መኪና የቱንም ያህል አዲስ ቢሆን ቆሞ የሚያረጅ ንብረት ነው።