ካሜራው የማን ነው?

ሰሞኑን ሦስት ሆነን አንድ ላፕቶፕ ላይ ተደፍተን ስለ ቢቲኤስ የተሠራውን «ሞኑመንትስ፦ ቢዮንድ ዘ ስታር» ስምንቱንም ክፍል ጨረስነው። አለቀስንም። አንደብቅም፤ የምንወዳቸው ልጆች ናቸው። እንባችንን ጠርገን ስናበቃ ግን ጋዜጠኝነት ስንማር የሰለቸን ጥያቄ ትዝ አለን፦ ይህን ታሪክ የሚነግረን ማነው?

መልሱ አጭር ነው፤ ኩባንያው። ልጆቹን መልምሎ ያሠለጠነው፣ ውል ያስፈረመውና ከሥራቸው የሚያተርፈው ሃይብ (የቀድሞው ቢግ ሂት) የአሥር ዓመት ምስሉን ከጓዳው አውጥቶ በ2023 (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) በዲዝኒ ፕላስ አቀረበልን። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይላል ያገራችን ሰው።

«ታዲያ ምን አለበት? ድካማቸውንም ለቅሷቸውንም አሳይቷል እኮ!» የሚሉን አይጠፉም። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። በ2017 ሳንቲያጎ፣ ቺሊ ውስጥ የቡድኑ ትንሹ ልጅ ጆንግኩክ፣ ገና በ19 ዓመቱ፣ ኮንሰርቱን ጨርሶ ከመድረክ ጀርባ አቅም አጥቶ ወደቀ። ካሜራው ይቀርጽ ነበር። በዓመቱ ያ ምስል «በርን ዘ ስቴጅ» በተባለው ተከታታይ ፊልም ውስጥ ገብቶ በዩቲዩብ የክፍያ አገልግሎት ቀረበ። ልብ በሉ፦ መጀመሪያ ልጁን የጣለው ሥራ ተሸጠ፤ ቀጥሎ መውደቁ ተሸጠ። ሁለቱንም የገዛነው እኛ ነን።

በዚያው በ2018 አባላቱ መበተንን አስበው ነበር። ይህንን የነገረን ጂን ነው፤ ዲሴምበር ላይ ሆንግ ኮንግ የሽልማት መድረክ ላይ እያለቀሰ። ኩባንያው ደግሞ ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ለተጨማሪ 7 ዓመት መፈራረማቸውን አብስሮ ነበር። መበተን ያሰበ ሰው 7 ዓመት እስኪፈርም ድረስ መሀል ላይ ምን ተባለ? ይህንን አጥብቆ የሚጠይቅ ከውጭ የመጣ ሰው እንጂ አስፈራሚው አይደለም።

ኩባንያው ጭራቅ ነው አላልንም። በ2020 የአክሲዮን ገበያ ሲገባ ሊቀመንበሩ ባንግ ሺ ህዩክ ለእያንዳንዱ አባል 68,385 አክሲዮን ሰጥቷል። ግን ጁን 2022 ልጆቹ እራት ላይ ቁጭ ብለው ደክሞናል፣ ለየግል ሥራችን ጊዜ እንስጥ ባሉ ማግስት የአክሲዮኑ ዋጋ በአንድ ቀን 25 በመቶ ገደማ ወረደ። «ደክሞኛል» ማለት ይህን ያህል በሚያስከፍልበት ቤት ውስጥ፣ የቤቱ ካሜራ እውነቱን ሁሉ ያሳየናል ብሎ ማመን የዋህነት ነው።

መውደዳችንን አናቆምም። የሚቀጥለውንም ማየታችን አይቀርም። ግን ስሙን እናስተካክል፦ ይህ ዘጋቢ ፊልም አይደለም፤ በጣም ቆንጆ ማስታወቂያ ነው።

ለመሆኑ እናንተ፣ ጓደኛችሁ «ሥራው ገደለኝ» ብላ ብታለቅስባችሁ እውነቱን ለማወቅ አለቃዋ ጋ ትደውላላችሁ?