ገበጣና ሒሳብ

ባለፈው ሳምንት የገበያ ሚዛን ስለ ማንበብ ተነጋግረን ነበር። ዛሬ ስለ ልጆቻችን ሒሳብ እንነጋገራለን። ብዙዎቻችሁ፣ «እኛስ ፊደል ቆጠርን፤ ልጆቻችንን በምን እንርዳ?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። መልሱ ሩቅ አይደለም። ደጃችሁ ላይ ነው። ጠጠርና ትንንሽ ጉድጓድ ይበቃል።

በመጀመሪያ ያየነውን እንንገራችሁ።

ከካራማራ ተራራ ሥር ባለች አንዲት መንደር ማታ ማታ እናስተምራለን። ከተማሪዎቻችን አንዱ በዕድሜ አባታችን የሚሆኑ ሰው ናቸው። አዴር ብለን እንጠራቸዋለን። አዴር 3ኛ ክፍል የምትማር ልጅ አለቻቸው። የ2ን ማባዣ እንደ ዘፈን ትወርደዋለች። «7 ሲደመር 5 ስንት ነው?» ሲሏት ግን ዝም ትላለች። እኛም ጠየቅናት። ዝም አለች። ደግመን ጠየቅናት። አለቀሰች። እኛም «አታጠናም» ብለን ፈረድንባት።

አንድ ማታ አዴር ደብተራቸውን አጠፉና፣ «ልጆቼ፣ የዚች ልጅ ራስ ለቁጥር አልተፈጠረም። ከሰኞ ጀምሮ ፍየል ትጠብቅ። ትምህርቱ ለወንድሟ ይበቃል» አሉን። የምንመልሰው አጣን። ተሰናብተን ወጣን።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጅቱን ከግራር ጥላ ሥር አገኘናት። ከወንድሟ ጋር ገበጣ ትጫወታለች። ጉድጓዶቹ መሬት ላይ የተቆፈሩ ናቸው። ጠጠሩን ሳትነካ ትንሽ አየች። ከዚያ፣ «ይሄን ባነሣ ባዶዋ ላይ ያልቅልኛል» አለች። አነሣች። አንድ አንድ እያለች ዘራች። እንዳለችውም ባዶዋ ጉድጓድ ላይ አለቀላት። የወንድሟን ጠጠር በላች።

«እንዴት ዐወቅሽ?» አልናት።

«2ኛው ጉድጓድ ላይ 3 ጠጠር ነበረ። 5ኛው ላይ ያልቃላ!» አለች።

ይህ ምንድን ነው? 2 ሲደመር 3 አይደለም እንዴ? ልጅቱ መደመር ታውቃለች። የምታደርገው ነገር መደመር እንደሚባል የነገራት ግን የለም። እኛም አልነገርናትም። ጥፋቱ የእሷ ሳይሆን የእኛ ነበር።

የገበጣ ነገር

ገበጣ የቆየ ጨዋታ ነው። በአገራችን በብዙ ቦታ ይታወቃል። በ2 ረድፍ የሚጫወቱ አሉ። በ3 ረድፍ የሚጫወቱም አሉ። ሶማሌዎችም ለይሊ ጎበለይ የሚሉት የዚሁ ዓይነት ጨዋታ አላቸው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩት ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ስላለው ገበጣ ሰፊ ጽሑፍ አውጥተዋል። አጨዋወቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። እኛ እዚህ ለልጆች የሚቀለውን እናሳያችኋለን። እናንተ የምታውቁት ሌላ ከሆነ በዚያው ተጫወቱ። ሒሳቡ አይለወጥም።

አሠራሩ እንዲህ ነው

በ2 ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ቆፍሩ። ሁሉም 12 ይሆናሉ። በየጉድጓዱ 4 ጠጠር ጨምሩ። ከጠጠር ሌላ የበቆሎ ፍሬም ይሆናል። ሕፃን ካለ ግን ወደ አፉ እንዳይከት ተጠንቀቁ።

ጉድጓዶቹን እንዲህ ቁጠሯቸው።

12  11  10  9  8  7
1  2  3  4  5  6

ከ1 እስከ 6 ያለው የአንዱ ነው። ከ7 እስከ 12 ያለው የሌላው ነው። ተራ የደረሰው ከራሱ ረድፍ የአንዱን ጉድጓድ ጠጠር በሙሉ ያነሣል። በቁጥሩ ቅደም ተከተል በሚቀጥሉት ጉድጓዶች አንድ አንድ ይዘራል። ከ12 ቀጥሎ ወደ 1 ይዞራል። የመጨረሻው ጠጠር በራሱ ረድፍ ባዶ ጉድጓድ ላይ ካረፈ፣ ትይዩ ያለውን የባላንጣውን ጠጠር ይበላል። የአንዱ ረድፍ ባዶ ሲሆን ጨዋታው ያልቃል። የቀረው ጠጠር ለባለ ረድፉ ይሆናል። ብዙ ጠጠር ያለው ያሸንፋል።

ከዚህ ጨዋታ አራት ነገር እንማራለን።

አንደኛ፣ ማባዛት። ጨዋታው ሳይጀመር፣ «12 ጉድጓድ፣ በያንዳንዱ 4፤ ሁሉም ስንት ነው?» በሉ። ልጁ ይቁጠር። 48 ያገኛል። በሌላ ቀን በየጉድጓዱ 3 ወይም 5 አድርጉ። 12 ጊዜ 5 60 ነው። እንዲህ እያለ ማባዣው በእጁ ይገባል።

ሁለተኛ፣ መደመር። ልጁ ጠጠሩን ከመንካቱ በፊት፣ «የት ያልቃል?» ብላችሁ ጠይቁት። ቁጥሩን አስቀድሞ በአፉ ይናገር። ከዚያ ይዝራ። ትክክል መሆኑን ጠጠሩ ራሱ ይነግረዋል።

ሦስተኛ፣ መቀነስ። ለማሸነፍ 25 ጠጠር ያስፈልጋል። 20 የያዘ ልጅ ስንት ይቀረዋል? 5 ይቀረዋል። በመጨረሻም አንዱ 29 ጠጠር ካገኘ የሌላውን ሳትቆጥሩ ዕወቁ። 48 ሲቀነስ 29፣ 19 ነው። ገበያ ላይ መልስ መቀበል ማለትም ይኸው ነው።

አራተኛ፣ መጻፍ። ይህ የእናንተ የወላጆች ሥራ ነው። ልጁ የተናገረውን እናንተ መሬት ላይ በጣት ጻፉት። ሳይጻፍ የቀረ ጨዋታ ጨዋታ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሲጻፍ ግን ልጁ ደብተሩ ላይ ያለው ምልክትና ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ጠጠር አንድ ነገር መሆናቸውን ያያል።

ጥንቃቄ

ልጁ ሲሳሳት አትቆጡ። እጁንም አትምቱ። «እስቲ ዘርተህ እየው» በሉት። እናንተ አትዝሩለት። አታስቸኩሉትም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ? በገንዘብም አታጫውቱ። ትንሽ ልጅ ከሆነ በ3 ጉድጓድና በ2 ጠጠር ጀምሩ። ልጁ በለመደው ቋንቋ ይቁጠር። አንዱ ኮው፣ ላባ፣ ሰደህ ይበል። ሌላው ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ ይበል። ጠጠሩ ቋንቋ አይመርጥም። 3 በሁሉም 3 ነው።

ሻሕ የምትጫወቱ አባቶችም አትቅሩ። በሻሕ እያንዳንዱ 12 ጠጠር ይይዛል። መደርደሪያው ነጥብ 24 ነው። 12 ሲደመር 12፣ 24። 5 ጠጠር ቢነሣባችሁ ስንት ይቀራችኋል? ልጃችሁ አጠገባችሁ ተቀምጦ ይንገራችሁ።

አዴርስ ምን አሉ?

ያን ቅዳሜ አዴርን ጠራናቸው። መጥተው ከግራሩ ሥር ተቀመጡ። እኛ 5ኛው ጉድጓድ ላይ 7 ጠጠር አደረግን። «የት ያልቃል?» አልናት። ልጅቱ አየች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። «12ኛው ላይ። የወንድሜ መጨረሻ ጉድጓድ» አለች።

ዘራች። 12ኛው ላይ አለቀ።

ያስለቀሰቻት ጥያቄ ይህችው ነበረች። እኛ እንዳናወራ ተያየን። አዴር ግን ገብቷቸዋል። ጎንበስ አሉና አፈሩን በመዳፋቸው ደለደሉ። በጣታቸው ቀስ ብለው ጻፉ፦

5 + 7 = 12

የመደመር ምልክት የተማሩት በዚያው ሳምንት ነበር። ልጅቱ አባቷ ሲጽፉ አይታ አታውቅም። ጽሑፉን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። ከዚያም አንድ ዙር ገጠሟቸው። አሸነፈቻቸው።

አዴር ሲነሡ ልብሳቸውን አራገፉና፣ «እንግዲህ እስከ ሰኔ ትቆይ። ከዚያ እናያለን» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሰኞ ፍየሎቹን ይዞ የወጣው ማን እንደሆነ አየን። አዴር ራሳቸው ነበሩ። እኛም እስከ ሰኔ ብዙ ገበጣ መጫወት አለብን።

የሳምንቱ የቤት ሥራ

1. በ12 ጉድጓድ ሦስት ሦስት ጠጠር ቢኖር ሁሉም ስንት ነው?
2. 4ኛው ጉድጓድ ላይ 6 ጠጠር አለ። ሲዘራ የት ያልቃል?
3. 17 ጠጠር አለኝ። 25 ለመሙላት ስንት ይቀረኛል?
4. ከላይ ያለውን ሥዕል ተመልከቱ። የ1 ትይዩ 12 ነው። 1 ሲደመር 12፣ 13። የ2 ትይዩ 11 ነው። እነሱንም ደምሩ። ሌሎቹንም ደምሩ። ምን አገኛችሁ?

ከልጆቻችሁ ጋር ሥሩት። መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት እናወጣለን። እስከዚያው ደኅና ሰንብቱ።