ለጂንካ አናጺ ኮር አይ 7 ምን ይሠራለታል?

ጎበዝ፣ ዛሬ ፖለቲካ የለም። ስለ እንጨት፣ ስለ ንብ ቀፎና ስለ አሮጌ ኮምፒውተር ነው የማወራችሁ። አሮጌ ስል ደግሞ የምሬን ነው፤ ጀርባው ላይ ያ ረጅሙ፣ 25 ቀዳዳ ያለው የፕሪንተር መሰኪያ ያለውን ዓይነት ማለቴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲኤንሲ የሚሉት ማሽን፣ በኮምፒውተር ትእዛዝ እንጨትና አሉሚኒየም የሚቀርጸው፣ ድሮ የትልልቅ ፋብሪካ ንብረት ነበር። አሁን ከቻይና ትንሿን ማስመጣት፣ ወይም ሞተሩንና ድራይቨሩን ለየብቻ ገዝቶ ብረቱን እዚሁ ማስበየድ ይቻላል። አዲስ አበባ ላይ በርና ቁም ሣጥን፣ የማስታወቂያ ፊደልም የሚቆርጡበት ቤት ብርቅ አይደለም። ጂንካ ላይ፣ ወይም በሌላ የደቡብ ከተማ አንድ ነገር በእጁ መነካካት የሚወድ ልጅ "እኔም ልሞክር" ሲል ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው "ኮምፒውተሩስ ምን ይሁን?" ብሎ ነው። መልሱም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "ጠንከር ያለ ይሁን።" ኮር አይ 7፣ 16 ጊጋ ራም፣ ግራፊክስ ካርድ… ልጁ ያለ የሌለ ገንዘቡን ላፕቶፕ ላይ ያፈሳል።

እኔ ይህ ምክር ስህተት ነው እላለሁ። አዲስ አበባ ላይ ስህተቱ ኪስ ይጎዳል። ጂንካ ላይ ግን ሥራውን ራሱ ይገድላል።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ስቴፐር ሞተር አንድ ዙር ለመዞር 200 እርምጃ ይራመዳል። ድራይቨሩ እያንዳንዱን እርምጃ ለ8 ሲከፋፍለው 1,600 ይሆናል። የሚያዞረው ብሎን በአንድ ዙር 5 ሚሊ ሜትር የሚገፋ ከሆነ፣ ለ1 ሚሊ ሜትር 320 ምት ያስፈልጋል ማለት ነው። ማሽኑን በደቂቃ 3 ሜትር ብናስኬደው በሴኮንድ 50 ሚሊ ሜትር ይሄዳል፤ ሲባዛ 16,000 ምት በሴኮንድ። ማክ 3 የሚባለው የታወቀው ፕሮግራም በመነሻ አቀማመጡ በሴኮንድ እስከ 25,000 ምት ይልካል፤ ለዚህም 1 ጊጋ ኸርዝ ፕሮሰሰር ይበቃዋል። አለቀ! የእናንተ ስልክ ከዚህ ይበልጣል።

ማሽኑ ከኮምፒውተሩ የሚፈልገው ሰዓት አክባሪነትን ነው። ምቱ በእኩል ርቀት፣ ሳይዘገይ መድረስ አለበት። ዘመናዊ ላፕቶፕ ደግሞ በተፈጥሮው ሰዓት አያከብርም። ባትሪ ለመቆጠብ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ሙቀቱን ይለካል፣ ዋይፋይ ይፈልጋል፣ "አፕዴት ላድርግ?" ይላል። እኛ አናየውም፤ ሞተሩ ግን ያየዋል። በሙሉ ፍጥነት ሲሮጥ ምት የዘገየበት ሞተር እዝዝዝ ብሎ ይቆማል፣ ወይም ጥቂት እርምጃ ዘሎ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ሁለተኛው ይብሳል፤ ቁርጡ የተበላሸ መሆኑን የምታውቁት ሲያልቅ ነዋ።

ከመግዛታችሁ በፊት መፈተን ትችላላችሁ። ሊኑክስሲኤንሲ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። እሱን ፍላሽ ላይ ጭናችሁ ሂዱና፣ ባለቤቱ ከፈቀደ ውስጡ ያለውን የመዘግየት መለኪያ ክፈቱ፤ መስኮት እየከፈታችሁና እየዘጋችሁ ኮምፒውተሩን አስጨንቁት። የታየው ትልቁ መዘግየት ከ15 እስከ 20 ማይክሮሴኮንድ ከሆነ እሰየው። እስከ 50 ድረስ ያሠራል፣ ፍጥነት ግን ይጎድላችኋል። 100 ካለፈ ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ የፈለገ ውድ ይሁን። ብዙ ጊዜ በዚህ ፈተና አዲሱን ላፕቶፕ የሚያሸንፈው ከቢሮ የተባረረ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ነው።

ታዲያ አሮጌውን ስትገዙ ሁለት ነገር እወቁ። የማክ 3 የፕሪንተር መሰኪያ ሾፌር በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይሠራም፤ ዊንዶውስ ኤክስፒ ወይም 32 ቢቱ ዊንዶውስ 7 ይፈልጋል። ኤክስፒን ማይክሮሶፍት በ2014፣ ዊንዶውስ 7ን በ2020 (እ.ኤ.አ.) ትቷቸዋል። ስለዚህ ያ ኮምፒውተር ኢንተርኔት አይንካ፤ ፍላሽ ስትሰኩበትም አስቡበት። ዩኤስቢን ወደ ፓራለል ይቀይራል ተብሎ የሚሸጠው ኬብል ደግሞ ለፕሪንተር የተሠራ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይረዳም። ገንዘባችሁን አታባክኑ።

"አሮጌ ነገር አልፈልግም" የሚል ሰው ካለ፣ ምት የመላኩን ሥራ ከኮምፒውተሩ ጨርሶ ይንጠቀው። ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጂአርቢኤል የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ መዳፍ የማትሞላ አርዱዊኖ ኡኖ ቦርድ ላይ ተጭኖ እስከ 30,000 ምት በሴኮንድ ይልካል። የቦርዷ ራም 2 ኪሎ ባይት ነው። አዎ፣ ኪሎ! 16 ጊጋ ካላገኘሁ ላላችሁት ወገኖች ይድረስ። ኮምፒውተሩ እንግዲህ ትእዛዙን መስመር በመስመር ማቀበል ብቻ ነው የሚቀረው፤ ያን ማንም ላፕቶፕ ይችላል። ለጂንካ ልጅ የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ቦርዷን ሦስት አድርጎ ይገዛና ሁለቱን መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጣል።

ለምን ሦስት? መርካቶ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃላ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ለውጥ ወዲህ ደግሞ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ሲያልፍ፣ ከውጭ የሚመጣ ካርድ ሁሉ አብሮ ተሰቅሏል። የራሱ ካርድ፣ የራሱ ቁልፍ፣ የራሱ የተዘጋ ሶፍትዌር ያለው ማሽን አንድ ካርዱ ከተቃጠለ ጂንካ ላይ የሚጠግነው አይገኝም። አላቂ ዕቃውና ተቃጣዩ ሁሉ ከተማው ውስጥ ወይም መሳቢያው ውስጥ ካልተገኘ ያ ማሽን ጠረጴዛ ነው፤ ውድ ጠረጴዛ።

አሁን ወደ ዋናው ጠላት እንምጣ፤ መብራት። ጊቤ ሦስት በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ የኦሞን ወንዝ ገድቦ 1,870 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ሆኖ ነው። ኦሞ ቁልቁል የሚፈሰው ወደዚሁ ወደ ደቡብ ኦሞ ነው። የወንዙ ስም ያለበት አገር አናጺ ግን ማሽኑን ሲያስነሳ መጀመሪያ የሚጸልየው ለመብራት ነው። (ፖለቲካ የለም ብዬ ነበር። ይቅርታ፣ አመለጠኝ።)

ብዙ ሰው ለዚህ ዩፒኤስ ይገዛና ኮምፒውተሩን ብቻ ይሰካበታል። ሞተሮቹና መቁረጫው የሚጎትቱት ብዙ ስለሆነ ዩፒኤሱ ላይ አይገቡም። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። መብራት ሲሄድ ሞተሩ ይቆማል፣ ኮምፒውተሩ ግን አያውቅም። ምቱን መላኩን ይቀጥላል። መብራት ሲመለስ መቁረጫው ሌላ ቦታ ነው፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ራሱን ሌላ ቦታ ያስባል፤ ሁለቱ ተኮራርፈው የዋንዛ ጣውላችሁን ይበሉታል። ያለ ዩፒኤስ ቢሆን ሁሉም አብሮ ይቆም ነበር፤ ዩፒኤሱ ነው ነገሩን ያባሰው።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። በ220 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ሪሌ ከሞተሮቹ መስመር ጋር ይገናኝ፤ እግሮቹ ደግሞ ወደ ድንገተኛ ማቆሚያው መግቢያ ይሂዱ። መብራት ሲሄድ ሪሌው ይለቅና ኮምፒውተሩ ወዲያው "ቁም" የሚል ይደርሰዋል። ዩፒኤሱም ሥራው እስከየትኛው መስመር እንደደረሰ ለማወቅ ጊዜ ይሰጣችኋል። ከዚያ ማሽኑ ወደ መነሻው ተመልሶ ከመነሻ ማብሪያዎቹ ጋር ይነካካና ይቀጥላል፤ ስለዚህ እነዚያን ማብሪያዎች ሳትገዙ አትጀምሩ። መቁረጫው መብራት ሲመለስ በራሱ እንዳይነሳም በቁልፍ ካልተጫኑት በማይነሳ ኮንታክተር በኩል ይለፍ። ጣት አይተካም።

ስህተት ሲመጣስ? ሁሉም ሰው ኮምፒውተሩን ፎርማት ያደርጋል። ተዉት እባካችሁ! መቁረጫውን አውጡና እስክሪብቶ እሰሩበት፣ ወረቀት ላይ አንድ ሥዕል ደጋግሞ ይሳል። መቁረጫ ሞተሩ ጠፍቶ ሥዕሉ በትክክል ራሱ ላይ ከወደቀ፣ ሞተሩ በርቶ ግን ከተንሸራተተ፣ ችግሩ የኤሌክትሪክ ረብሻ ነው። የመቁረጫውን ኬብል ከሲግናል ሽቦዎቹ አርቁት፣ የተሸፈነ ኬብል አድርጉ፣ የማሽኑን ብረት ከኧርዝ ጋር አገናኙ። (ቤቱ ኧርዝ እንዳለው መጀመሪያ አረጋግጡ። የሦስት ቀዳዳ ሶኬት መኖሩ ማስረጃ አይደለም።) ዩኤስቢው በመካከል የሚቋረጥባችሁም አብዛኛውን ጊዜ ከዚሁ ነው፤ ገመዱን አሳጥሩት። ሞተሩ ጠፍቶም ሥዕሉ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚሸሽ ከሆነ የምቱን አቅጣጫ አቀማመጥ ፈትሹ፤ አቅጣጫ በቀየረ ቁጥር አንድ እርምጃ እየጠፋ ሊሆን ይችላል። በፍጥነት ጊዜ ብቻ ከሆነ ማፋጠኛውን ቀንሱ። አንዳንድ ኮምፒውተሮች ከፕሪንተር መሰኪያቸው በ5 ቮልት ፈንታ 3.3 ነው የሚያወጡት፤ ያን ጊዜ ሲግናሉን የሚያጠናክር ማገናኛ ቦርድ መካከል ይግባ።

አንዷን ደግሞ ሳልነግራችሁ አልሄድም። ማሽኑ ትናንት ሲሠራ አምሽቶ ዛሬ ጠዋት ጭራሽ አልነቃነቅ ካለ፣ የኮምፒውተሩን ቀን ተመልከቱ። ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ተመልሶ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 ባትሪ ሞታለች፤ ሌሊት መብራት ሲሄድ የፕሪንተር መሰኪያው አቀማመጥም አብሮ ተረስቷል። የሰዓት ባትሪ የሚሸጥ ሱቅ ሄዳችሁ ቀይሩ። ለዚህ አዲስ አበባ ድረስ ኮምፒውተር ተሸክሞ መሄድ ነውር ነው።

"ይህ ሁሉ ልፋት ለሁለት ሚሊ ሜትር?" ትሉ ይሆናል። የንብ ቀፎ ልስጣችሁ። ደቡብ ኦሞ የማር አገር ነው፤ ቀፎ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ታያላችሁ። ዘመናዊው ባለ ፍሬም ቀፎ ግን የሚሠራው ንብ በፍሬሞቹ መካከል የምትተወው መተላለፊያ ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ብቻ ነው፤ ላንግስትሮዝ የተባለ አሜሪካዊ ቄስ በ1851 (እ.ኤ.አ.) ይህን ቀፎ ውስጥ ተጠቀመበት፣ ዓለምም ተከተለው። ከዚያ ከጠበበ ንቧ በሙጫ ትደፍነዋለች፣ ከሰፋ ተጨማሪ እንጀራ ትሠራበታለች። ሁለት ሚሊ ሜትር የሸሸ ማሽን የሠራውን ቀፎ የገዛ ገበሬ ማር ለመቁረጥ ሲከፍት ፍሬሙ አንድ ላይ ተጣብቆ ይጠብቀዋል። እሱ ስለ ማይክሮሴኮንድ ምን ያውቃል? ከእንግዲህ ዘመናዊ ቀፎ አልገዛም ነው የሚለው፤ እውነቱንም ነው።

ሐመሮች ቦርኮቶ የሚሉትን፣ መቀመጫም መንተራሻም የሚሆነውን በርጩማ በማሽን እያባዙ ለቱሪስት የመሸጥ ሐሳብ ያላችሁ ግን ተዉት። እሱን በእጁ የሚቀርጽ ሰው አለ፤ ገበያውም የእሱ ነው። አንድ ዓይነት ፍሬም መቶ ጊዜ መቁረጥ የማንም ሰው ደስታ ስላልሆነ ማሽኑ እዚያ ላይ ይልፋ።

የቀረኝ ለመንግሥትና ለለጋሾች ነው። በሕዝብ ገንዘብ ለሙያ ማሠልጠኛ ማሽን ስትገዙ የጨረታ ሰነዱ ላይ የፕሮሰሰር ስም መደርደሩን ትታችሁ ሦስት መስመር ጻፉ፦ መቆጣጠሪያ ካርዱ ከነመለዋወጫው ሁለት ተጨማሪ ይቅረብ፤ ሶፍትዌሩ ያለ ሻጩ ቁልፍ በሌላ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ይሁን፤ ርክክቡ የሚፈጸመው ሻጩ ባለበት በሥራ መካከል ማብሪያ ማጥፊያው ወርዶ፣ እንደገና በርቶ፣ ማሽኑ የጀመረውን እንጨት ሳያበላሽ ሲጨርስ ነው።