ሸክላውን ማን ያስቀርጸው?

በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1969 በአገራችን ሁለት ነገሮች ተደርገዋል። አንደኛው፥ ከደጃችን ያለው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ ተከለለ። ሁለተኛው፥ አምሃ እሸቴ የሚባል ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረ ወጣት የዓለማየሁ እሸቴን «ትማርኪያለሽ» በሸክላ አስቀርጾ አወጣ። የመጀመሪያውን የደባርቅና የዳባት ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ስለ ሁለተኛው ግን እምብዛም አንነጋገርም፤ ልንነጋገርበት የሚገባ ይመስለናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ1948 ጀምሮ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ማኅበሩ በ1935 ጠላት ሊወረን ሲሰናዳ ሕዝቡን ለመቀስቀስ የቆመ ባለውለታችን ነውና ክብሩን አንነካም። ይሁን እንጂ ዘመናዊው ዘፈን በየምሽት ክበቡ ሲጋጋል ሸክላው አልተከተለውም። ዘፋኞቹና ሙዚቀኞቹ በአብዛኛው የክብር ዘበኛ፥ የፖሊስ፥ የጦር ሠራዊትና የቴአትር ቤት ደመወዝተኞች ነበሩ። ድምፃቸው በመድረክ ወይም በራዲዮ ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ ገዝቶ ቤቱ የሚያስገባው ሰው የለም።

አምሃ ሸክላ ነጋዴ ነበር። ወጣቱ የውጭውን ዘፈን ሲሻማ በዓይኑ ያያል፤ የአገሩን ዘፈን ግን የሚሸጥለት አጣ። ስለዚህ እስራት እንኳ ቢመጣ ለመቀበል ቈርጦ ድምፁን አስቀረጸ፤ ሸክላውንም ሕንድ አገር አሳተመ። በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞር፥ በየገጹ አንድ ዘፈን የያዘ ትንሽ ሸክላ ነው። ነገር ግን በሩን የከፈተው እርሱ ነው። አምሃ ራሱ እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ትናንሽ ሸክላዎችን አወጣ፤ ካይፋን የመሰሉ ሌሎች አሳታሚዎችም ገበያውን ተቀላቀሉ። ደርግ ከመጣ በኋላ አምሃ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ሸክላዎቹ ግን ቀሩ፤ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እንደገና አሳትሞ ለዓለም አሰማቸው። አምሃም ዓለማየሁም በ2021 ዐርፈዋል። ድምፁ ግን ከነባለቤቱ ስም አለ።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። ከሊማሊሞ አፋፍ እስከ ዳባት ገበያ ባለው አገር በየሠርጉ ማሲንቆ ይመታል፤ ቀረርቶና ፉከራ ይሰማል። ይህን የሚቀርጸው የእጅ ስልክ ነው። ድምፁ ከእልልታና ከጄነሬተር ጩኸት ጋር ተደባልቆ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፤ የአዝማሪው ስም ግን መንገድ ላይ ይወድቃል። ዋልያ በቍጥር ይታወቃል፤ ዘፈናችንን ማን ቈጠረው?

አንዳንድ ባልንጀሮቻችን፥ «አምሃ ነጋዴ ነበር፤ ለትርፍ ሠራ እንጂ ለባህል አልሠራም» ይሉን ይሆናል። ይሁን። ትርፉ እኮ ዘፋኙን በስሙ አሳወቀው። ሌሎችም፥ «የዓለማየሁ ዘፈን የፈረንጅ ነው፤ ከማሲንቆ ጋር ምን አገናኘው?» ይላሉ። ዓለማየሁ አለባበሱንና ውዝዋዜውን ከእነ ኤልቪስ ፕሬስሊ ቢዋስም የዘፈነው በአማርኛ፥ የታወቀውም በአገሩ ሰው ጆሮ ነው። ደግሞስ እኛ የምንለው የዜማውን ዓይነት ሳይሆን የሥራውን ነገር ነው። አንድ ሰው ኃላፊነት ካልወሰደ ዘፈን አይቀረጽም።

ስለዚህ ለማኅበራችን የምናቀርበው አሳብ ቀላል ነው። አንድ ጥሩ የድምፅ መቅረጫና አንድ ጸጥ ያለ ክፍል ይዘጋጅ። አዝማሪው ተጠርቶ፥ ዋጋው አስቀድሞ ተከፍሎት፥ በፈቃዱ ይቀረጽ። ስሙ፥ መንደሩ፥ ቅኝቱና ቀኑ ይመዝገብ። አንድ ቅጂ ለእርሱ ይሰጥ፤ አንዱም በቤተ መጻሕፍታችን ይቀመጥ።

ለዚህ ሥራ ዛሬ ማንም አያስረንም፤ ሕንድ ድረስም መላክ አያስፈልገንም። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ይባላልና፥ የአገራችንን ድምፅ እኛው እንያዘው። አዛውንቶቹ አዝማሪዎች ማሲንቋቸውን ሰቅለው ሳያርፉ መጀመር አለብን።