የእስረኛ ንብረት አማና ነው!

ሌሊት በፍተሻ ስም ከወንድሞቻችን የተወሰዱት ሙስሐፎች፣ ኪታቦች፣ ብርድ ልብሶችና ቤተሰብ ያስገባው ገንዘብ የት ገቡ? በጠየቅን ቁጥር «ጠፍቷል» እንባላለን። «ጠፍቷል» መልስ አይደለም! የእስረኛን ንብረት የተረከበ እስር ቤት መዝግቦ፣ እስረኛውን አስፈርሞ፣ በደህና ጠብቆ ሲፈታ መመለስ አለበት። ይህን እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው የተባበሩት መንግስታት የእስረኞች አያያዝ ደንብ ሳይቀር አስፍሮታል። የአገራችን የፍትሐ ብሔር ህግ አንቀጽ 2126ም የመንግስት ሠራተኛ በሥራው ላይ ላደረሰው ጥፋት ተጎጂው መንግስትን ካሳ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። እኛን «ህግ አክብሩ» የሚሉን እነዚሁ ናቸው!

ቤተሰቦች ሆይ! ያስገባችሁትን ዕቃ ከነቀኑ ጻፉ፣ ደረሰኝ ጠይቁ፣ ከለከሉን ካላችሁም ክልከላውን መዝግባችሁ ለጠበቃ አድርሱ። የወንድሞቻችን ንብረት ይመለስ፤ ካልሆነም ይከፈል!