ስለ ሥዕል ትምህርት፤ ዓይን ከእጅ ይቀድማል

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ልጆች አስተዳደግ በየጊዜው ስንጽፍ ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ ብዙ ወላጆች ከጨዋታ ስለሚቈጥሩት፥ አንዳንዶችም ደብተር ማበላሸት ነው ብለው ስለሚቈጡበት አንድ ነገር ልንነግራችሁ አሰብን። ይኸውም ልጅ ወፉንና አውሬውን፥ ዛፉንና ተራራውን በዓይኑ እያየ፥ መልኩን ሳይለውጥ መሣል መማሩ ነው።

ባገራችን የሥዕል ጥበብ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ነገር ግን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ የሚሥለው ዓይን ያየውን ሳይሆን ልብ ሊያውቀው የሚገባውን ነው። ስለዚህ ጻድቁን በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት፥ ከሐዲውን ግን ባንድ ዓይኑ ወደ ጎን አድርጎ ይሥለዋል፤ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ይህን አይቶ ማን ማን እንደ ሆነ ይለያል። ይህ ሥርዓት ክቡር ነው፤ ማንም ሊንቀው አይገባም። ፍጥረትን እንዳለ የሚሥል ሰው ግን ሥራው እንደ ምስክር ነው። በችሎት ያየ ምስክርና የሰማ ምስክር እኩል እንዳይደሉ፥ በዚህም ሥዕል እንዲሁ ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን አልብረኽት ዱረር የተባለው የጀርመን ሠዓሊ ነው። ይህ ሰው በ1502 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር አንዲት ጥንቸል ሣለ፤ ጠጕሯ አንድ ባንድ የሚቈጠር ስለሚመስል እስከ ዛሬ ድረስ ያየው ሁሉ ያደንቀዋል። በ1515 ደግሞ አንድ አውራሪስ ከህንድ አገር ወደ ሊስቦን ከተማ በመርከብ በመጣ ጊዜ፥ ዱረር አውሬውን ሳያይ ከሌላ ሰው ደብዳቤና ንድፍ ተነሥቶ ሣለው። ስለዚህ ቆዳውን እንደ ብረት ጥሩር አደረገው፤ በትከሻው ላይም የሌለውን ትንሽ ቀንድ ጨመረለት። ይህም ሥዕል በብዙ መጻሕፍት እየተቀዳ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የኤውሮፓን ሰዎች አሳሳተ። አንባቢ ልብ ይበል፤ ሁለቱን የሣለች እጅ አንዲት ናት። ልዩነቱ በጥንቸሊቱ ዓይኑ መመስከሩ፥ በአውራሪሱ ግን ጆሮው መመስከሩ ነው።

ለእኛም ቅርብ የሆነ ሌላ ሰው አለ። ሉዊስ አጋሲዝ ፉኤርቴስ የሚባለው አሜሪካዊ ሠዓሊ በልጅነቱ በከተማው ቤተ መጻሕፍት የኦዱቦንን የወፎች ሥዕል መጽሐፍ አይቶ ልቡ ተነካ፤ ከዚያም ወዲያ ወፎችን መመልከትና መሣል የዕድሜ ልክ ሥራው ሆነ። በ1919 ዓ.ም. ቺካጎ ከሚገኘው ከፊልድ ቤተ መዘክር መልክተኞች ጋራ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፥ ከሥፍራ ወደ ሥፍራ እየተጓዘ ያገራችንን ወፎችና አራዊት በውሃ ቀለም ሣለ። የሞተ ወፍ የዓይኑና የመንቍሩ፥ የእግሩም ቀለም ቶሎ እንደሚጠፋ ስለሚያውቅ፥ ወፉ በእጁ በገባ ጊዜ ሳይውል ሳያድር ቀለሙን በወረቀት ላይ ያሠፍር ነበር። አገሩ ከገባ በኋላ በዚያው ዓመት በነሐሴ 16 ቀን ሥዕሎቹን ለወዳጁ አሳይቶ ሲመለስ፥ የተሳፈረባትን አውቶሞቢል ባቡር ገጭቷት ሞተ። ሥዕሎቹ ግን ከአውቶሞቢሏ ወደ ውጭ ተወርውረው ሳይበላሹ ተገኙ፤ ከእነርሱም የተመረጡት በ1930 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ታትመው ወጡ። ሰውየው በ53 ዓመቱ ሲያልፍ፥ ባገራችን ያየው ነገር ግን እነሆ እስከ ዛሬ ይታያል።

እንግዲህ ይህን ለመማር የሚፈልግ ልጅ እንዴት ይጀምር? ብዙ ገንዘብ አያሻውም፤ እርሳስና ወረቀት ይበቃዋል።

መጀመሪያ፥ እርሳሱን ሳያነሣ ይመልከት። በየቀኑ በአንድ ሰዓት አንዱን እንስሳ፥ የግቢውን ዶሮ ወይም በዛፍ ላይ የምታርፈውን ርግብ፥ እንዴት እንደምትቆምና አንገቷን እንዴት እንደምታዞር ያጥና። ከዚያ ፊቱን መልሶ በልቡ የያዘውን ይሣል፤ ጨርሶም እንደ ገና አይቶ የሳተውን ያርም።

ሁለተኛ፥ ከታላቁ ነገር ይጀምር። ልጆች ብዙ ጊዜ ከዓይን ይነሡና ለጅራቱ ወረቀት ይጐድላቸዋል። የወፍ ሰውነት እንደ እንቍላል ነው፤ ራሱም እንደ ትንሽ እንቍላል ነው። እነዚህን ሁለቱን በልክና በዝንባሌያቸው ካስቀመጠ በኋላ መንቍሩን፥ ክንፉንና ጅራቱን ይጨምር። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው በዚህም ይሠራል።

ሦስተኛ፥ የአካሉን አሠራር ይወቅ። ወደ ኋላ የሚታጠፈውን የወፍ እግር ብዙ ሰው ጕልበት ይለዋል፤ እርሱ ግን ቍርጭምጭሚት ነው፤ እውነተኛው ጕልበት በላባ ውስጥ ተሸፍኗል። ይህን ያላወቀ ሰው የሚሥለው ወፍ የሚወድቅ ይመስላል። ላባውም እንደ ቤት ክዳን ሣር አንዱ ባንዱ ላይ እየተደረበ ከራስ ወደ ጅራት ይወርዳል።

አራተኛ፥ ብርሃኑን ያስተውል። የፉኤርቴስ መምህር የነበረው አቦት ታየር በ1896 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር እንዳስረዳው፥ የብዙ እንስሳት ጀርባ ጠቈር፥ ሆዳቸውም ነጣ ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። ፀሐይ ከላይ ጀርባውን ስታበራው፥ ጥላ ደግሞ ሆዱን ሲያጨልመው ሁለቱ ይተካከሉና እንስሳው ከጠላቱ ዓይን ይሰወራል። የሩቅ ነገር ቀለምም እንዲሁ ይለወጣል። ከእንጦጦ ላይ ሆኖ በጠራ ቀን ወደ ዝቋላ የተመለከተ ሰው ተራራውን ሰማያዊ ሆኖ ያየዋል፤ ቀርቦ ሲያየው ግን ደን የለበሰ ነው። ልጁ አረንጓዴ መሆኑን ስለሚያውቅ ብቻ የሩቁን ተራራ አረንጓዴ ቢቀባው፥ ተራራው ከደጃፉ የቆመ ይመስላል።

ፎቶግራፍ እያዩ መሣልም ይረዳል፤ ነገር ግን ፎቶግራፍ ጥላውን ከልክ በላይ ሊያጠቍረውና ቅርቡን ከሩቁ ሊያቀላቅለው ስለሚችል፥ ሕይወት ያለውን እንስሳ ማየት አይቀሬ ነው። ወፍን በድንጋይ መትቶ ማጥናት ግን ለልጆቻችን አይፈቀድላቸው፤ ዛሬ የሩቁን የሚያቀርብ መነጽር አለና።

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል የሚል ወላጅ ይኖር ይሆናል። የምንመልስለት ይህ ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ዛሬ ቍጥሩ ወደ 500 ገደማ ብቻ እንደ ሆነ ይገመታል፤ ዋልያም በስሜን ተራሮች ብቻ ቀርቷል። ሰው የማያውቀውን ነገር ቢጠፋበት አያዝንም። አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ የአንዱን እንስሳ ጆሮና ቀንድ በጥንቃቄ የሣለ ልጅ ግን ያን እንስሳ በከንቱ ሊገድለው እጁ አይታዘዝለትም፤ አድጎ ሹመት ባገኘም ጊዜ ደን ሲመነጠር፥ አውሬ ሲታደን ዝም ብሎ አያይም። ከዚህም በላይ፥ ያየውን ካልሰማው ለይቶ መናገርን የለመደ ሰው ለዳኝነትም፥ ለጽሕፈትም፥ ለማናቸውም ሥራ የታመነ ይሆናል።

ስለዚህ አባቶችና እናቶች ሆይ፤ ልጃችሁ ወረቀት ይዞ በመጣ ጊዜ ሥዕሉ አማረ ወይም አላማረም ብላችሁ አትፍረዱ። ዛሬ ምን አየህ፥ ምን አየሽ ብላችሁ ጠይቁ። ልጁ ይህን ጥያቄ እየጠበቀ ካደገ፥ እጁ ቢዘገይ እንኳ ዓይኑ እንደማይተኛ እናምናለን።